የዌልሱ አዋጅ መጋጠሚያዎች

የዌልስ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው የመጪው ትውልድ ደኅንነት አዋጅ አንቀጽ 2 አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ዘላቂ ልማት ማለት የዌልስን ኢኮኖሚያዊ፣ ማኅበራዊ፣ አካባቢያዊና ባህላዊ ደኅንነት የማሻሻል ሂደት ነው ይላል። ባህል አራተኛ ሆኖ መግባቱን ልብ ይሏል፤ በሌላ ቦታ ትርጓሜው አብዛኛውን ጊዜ በሦስቱ ላይ ይቆማል። እኔን የያዘኝ ግን የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ነው። ሂደቱ በዘላቂ ልማት መርሕ መሠረት ይከናወናል፤ መርሑ አንቀጽ 5 ላይ ነው። የሚያመራው ወደ ደኅንነት ግቦቹ ነው፤ ግቦቹ አንቀጽ 4 ላይ ናቸው። ትርጓሜው ብቻውን አይቆምም። አንዱን ጎኑን ግቡ፣ ሌላውን አሠራሩ ይዞለታል።

አንቀጽ 4 ባለ ሁለት ዓምድ ሠንጠረዥ ነው። በአንደኛው ዓምድ ሰባት ግቦች ተደርድረዋል፦ የበለጸገች ዌልስ፣ ጫናን የምትቋቋም፣ ይበልጥ ጤነኛ፣ ይበልጥ እኩልነት የሰፈነባት፣ ማኅበረሰቦቿ የተሳሰሩ፣ ባህሏ የደመቀና የዌልስ ቋንቋ የሚያብብባት፣ በመጨረሻም ለዓለም ኃላፊነት የሚሰማት ዌልስ። በሌላው ዓምድ የእያንዳንዱ ማብራሪያ ሰፍሯል። የመጀመሪያውን ብቻ ላንሳ። የበለጸገች ከሚለው ፊት ለፊት ሥራ አለ፣ የተማረ ሕዝብ አለ፣ ሀብት የሚያፈራ ኢኮኖሚ አለ። ከእነዚህ ቀድሞ ግን የምድርን የአቅም ወሰን የሚያውቅና ሀብትን በልኩ የሚጠቀም፣ የካርቦን ልቀቱ ዝቅተኛ የሆነ ኅብረተሰብ ተጠቅሷል። ወሰኑ ሌላ አንቀጽ አልተሰጠውም፤ ብልጽግናው ራሱ ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ ማንም ባለሥልጣን ብልጽግናን ከአካባቢ ነጥሎ ሊያነብ አይችልም።

ግዴታው አንቀጽ 3 ላይ ነው። አዋጁ የሚመለከተው እያንዳንዱ የመንግሥት ተቋም የራሱን ዓላማዎች አውጥቶ ያሳትማል፤ ለማሳካትም ተገቢውን እርምጃ ሁሉ ይወስዳል። ዓላማዎቹ ለሰባቱም ግቦች የሚያበረክተውን አስተዋፅኦ የተቻለውን ያህል ከፍ እንዲያደርጉ ሆነው መቀረጽ አለባቸው። የጤና ቦርዱ ጤናን ብቻ፣ ብሔራዊ ሙዚየሙ ባህልን ብቻ መርጦ መውሰድ አይችልም። የዌልስ መንግሥት ሕግ ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ1998 ተመሳሳይ ነገር ሞክሮ ነበር፤ ግዴታው ግን ያረፈው በማዕከሉ ላይ ብቻ ነበር። አዲሱ አዋጅ ሲጀምር 44 ተቋማትን ያዘ፦ ሚኒስትሮቹን ራሳቸውን፣ 22ቱን የአካባቢ ምክር ቤቶች፣ የጤና ቦርዶችን፣ የእሳት አደጋና የብሔራዊ ፓርክ ባለሥልጣናትን።

አንቀጽ 5 ምን ይወሰን አይልም፤ እንዴት ይወሰን ነው የሚለው። ተቋሙ የዛሬን ፍላጎት ከሩቁ ጋር ያመዛዝናል። ዓላማዎቹ እርስ በርስና ከሌሎች ተቋማት ዓላማ ጋር እንዳይጋጩ ያያል። ጉዳዩ የሚመለከታቸውን ሰዎች ያሳትፋል፤ ከሌሎች ጋር ይተባበራል፤ ችግር ሳይደርስ ለመከላከል ገንዘብ መመደብን ያስባል። ከአምስቱ የመጨረሻውን በጣም እወደዋለሁ፤ በጀት ያዥ ሁሉ የሚሸሸው እሱን ነውና።

ከዚያ የአዋጁን አፈጻጸም የሚጠብቅ ኮሚሽነር ይመጣል። ኮሚሽነሩ ለሰባት ዓመት ይሾማል፤ ተቋማትን ይመረምራል፣ ምክረ ሐሳብ ይሰጣል፣ ማዘዝ ግን አይችልም። አንቀጽ 22 ይህን ክፍተት እንዴት እንደደፈነው ማየት ያስደስታል። ተቋሙ ምክረ ሐሳቡን ለመከተል የሚቻለውን ሁሉ ማድረግ አለበት፤ ካልተከተለ በቂ ምክንያት አለኝ ወይም ሌላ መንገድ መርጫለሁ ማለት ይጠበቅበታል። ምላሹንም ማሳተም አለበት። ምክረ ሐሳቡን አንብቦ መሳቢያ ውስጥ መክተት ሕጉን መጣስ ነው።

መጋጠሚያዎቹ የተፈተኑት በኤም 4 አውራ ጎዳና ነው። መንገዱ ኒውፖርት ከተማ አጠገብ፣ ብሪንግላስ ዋሻ ላይ ሲደርስ ይጠብባል፤ መኪናው ይከመራል። መፍትሔ ተብሎ የቀረበው 23 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም አዲስ መንገድ ሲሆን መስመሩ የግዌንትን ረግረጋማ ሜዳ ያቋርጥ ነበር። ሜዳው ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ በቦይ ሲጠነፈፍ የኖረ፣ በየቦዩ ብርቅ ነፍሳትና ዕፅዋት የሚኖሩበት መሬት ነው። መንግሥት በአንዱ ግብ የሚደርሰው ጉዳት በሌላው ጥቅም ሊካካስ ይችላል በሚል አነባበብ ሲከራከር፣ የመጀመሪያዋ ኮሚሽነር ሶፊ ሃው አዋጁ እንዲህ አይነበብም አሉ። ሕዝባዊ ምርመራውን የመሩት ባለሙያ መንገዱ ይሠራ ብለው ነበር። እ.ኤ.አ. በጁን 2019 ግን ቀዳማዊ ሚኒስትሩ ማርክ ድሬክፎርድ ወጪውንና በአካባቢ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ጠቅሰው አይሠራም ብለው ወሰኑ። መንገዱን ያስቆመው አዋጁ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ሰባቱ ግቦች በአንድ ሚዛን ይሸጣሉ ይለወጣሉ ወይስ አይለወጡም የሚለውን ጥያቄ ወደ አደባባይ ያወጣው ግን እሱ ነው።

የላላ ቦታም አለው። በዚያው ዓመት ወላጆች የአንድ ትምህርት ቤት መዘጋትን በፍርድ ቤት ሲቃወሙ፣ አዋጁ ሆን ተብሎ በጥቅሉ የተጻፈ በመሆኑ ለግለሰብ ክስ መሠረት አይሆንም የሚል መልስ ነበር ያገኙት። ይህ ጎን ጠበቅ ብሎ ቢሠራ እመርጥ ነበር። ተቋሙ የራሱን ዓላማ ረግጦ ሲገኝ የተጎዳው ነዋሪ በቀጥታ የሚያንኳኳው በር ሊኖረው ይገባል።

በጥንቃቄ የተለካው ጊዜው ነው። ኮሚሽነሩ ትልቁን ሪፖርቱን ከምክር ቤት ምርጫው ቢያንስ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ማሳተም አለበት፤ ፓርቲዎች የምርጫ ፕሮግራማቸውን ከመጻፋቸው በፊት እንዲያነቡት ነው። ምርጫው ካለፈ በኋላ ደግሞ ሚኒስትሮቹ በ12 ወር ውስጥ ስለ ወደፊቱ አዝማሚያ ሪፖርት ያወጣሉ። የመጀመሪያው የኮሚሽነሩ ሪፖርት እ.ኤ.አ. በሜይ 2020 ወጣ፤ ምርጫው በሜይ 2021 ተካሄደ።