ስለ ደብካ ትምህርት

ደብካ በሶርያና በሊባኖስም የሚታወቅ፣ በፍልስጤም ገበሬዎች ዘንድ የሰርግ ጌጥ የሆነ ጭፈራ ነው። ጨፋሪዎቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው በአንድነት መሬቱን በእግራቸው ይመታሉ፤ «ለዊሕ» የሚባለው መሪ ግን በሰልፉ ጫፍ ሆኖ መሐረብ እያውለበለበ የወደደውን ርምጃ ይፈጥራል። ጭፈራው የጭቃ ጣራን በደቦ ከመርገጥ መጣ የሚለው ትረካ ማስረጃ ባይቀርብለትም፣ ሕዝቡ ደብካን ከመረዳዳት ጋር አያይዞ እንደሚያስበው ያመለክታል።

ቀድሞ ልጅ ከሰልፉ መጨረሻ ገብቶ የጎረቤቱን እግር እያየ ይለምድ ነበር። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1948 ዓ.ም. ብዙ መንደሮች ፈርሰው ሕዝባቸው ሲሰደድ፣ ይህ የመማሪያ መንገድ ክፉኛ ተጐዳ። በ1979 ዓ.ም. በራማላህ አካባቢ የተመሠረተው «አል ፉኑን» የተባለው ቡድን የገጠሩን ርምጃና ዜማ እየሰበሰበ ለመድረክ አበቃ።

ይህ ዓይነቱ ሥራ ምስጋና የሚገባው ቢሆንም ነቀፌታ አያጣውም። በመድረክ ላይ ርምጃው ተቈጥሮ ስለሚስተካከል፣ መንደርን ከመንደር የሚለየው ጠባይ ይደበዝዛል፤ የለዊሑም ፈጠራ ይጠብባል። ይሁን እንጂ የአያቶቹን መንደር ላላየ የስደተኛ ልጅ ይህ ትምህርት ብርቱ ማሰሪያ ስለ ሆነ፣ «ሰው ሠራሽ ነው» ብሎ መናቅ ስሕተት ነው።

ዩኔስኮ በ2023 ዓ.ም. የፍልስጤምን ደብካ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስገብቶታል። የመምህራኑ ድካም ግን የሚመዘነው፣ ጥንዱ ዋሽንት «ሚጅዊዝ» ሲነፋ ከተማሪዎቻቸው አንዱ ሳይቈጥር በገዛ ርምጃው ሰልፉን ለመምራት በመቻሉ ነው።