ዶሮ ሲጮኽ ገና ጨለማ ነው

«ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት።» ስምንት ቃል ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ ስለሰማነው ልብ ሳንለው እናልፈዋለን። የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ይዞ ቀን የሚቆጥር ሰው ደግሞ ነሐሴ 14 ዶፍ ሲወርድበት አባባሉን ውሸታም ያደርገዋል። በእርግጥም ቡሄ ነሐሴ 13 ነው፤ በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምት የሚወጣው ግን መስከረም 25 ነው። በመካከሉ 47 ቀን አለ፤ ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት በዘመነ ሉቃስ 48።

አባባሉን የሠራው ሰው ይህ አልጠፋውም። ምስክሩ ሁለተኛው ግማሽ ነው። ዶሮ ሲጮኽ ውጭው ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ ጅቡም ገና ዋሻው አልገባም። ቢሆንም ለመንገድ የተሰናዳ ሰው በዚያ ሰዓት «ሌሊት ነው» ብሎ ተመልሶ አይተኛም፤ ተነሥቶ አህያውን ይጭናል። ቡሄም እንደዚያው ነው። ዝናቡ ይዘንባል፣ ወንዙ ይሞላል፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው፤ ነገር ግን ወቅቱ ዞሯል። ብዙዎች ለቤት መምቻ የገባ የሚመስላቸው ሐረግ የፊተኛውን ልክ የሚያስተካክለው እሱ ነው። ሐረጉ ባይኖር አባባሉ በየዓመቱ ይሳሳት ነበር።

ልኩም ትክክል ነው። በመካከለኛውና በሰሜኑ ደጋ ዝናብ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ከዚያ የዝናቡ ቀበቶ ፀሐይን ተከትሎ ወደ ደቡብ ማፈግፈግ ሲጀምር መስከረም ላይ እየሳሳ ይሄዳል። ሊቃውንቱም ክረምትን ሲከፋፍሉ መግቢያውን ለዘርና ለደመና፣ ከሐምሌ 19 በኋላ ያለውን ለመብረቅና ለነጎድጓድ፣ ለባሕርና ለአፍላግ ሰጥተው፣ የነሐሴን መጨረሻና ጳጉሜንን ጎሕ፣ ነግህ፣ ጽባሕ ብለውታል። ንጋት ማለት ነው። ገበሬውና ደብተራው አንድ ምስል ላይ ተገናኝተዋል፤ ማን ከማን እንደወሰደ እኔን ብዙም አያስጨንቀኝም።

ሌላው ጥበብ የተመረጠው በዓል ነው። ፋሲካ ከዓመት ዓመት ወዲያና ወዲህ ይላል፤ የአየር ጠባይ ቢንጠለጠልበት አብሮት ይዋዥቅ ነበር። ቡሄ ግን ከነሐሴ 13 ንቅንቅ አይልም። አቆጣጠራችን ከፀሐይ ጋር ያለው ልዩነት በ400 ዓመት ሦስት ቀን ያህል ብቻ ስለሆነ፣ አያት ለልጅ ልጅ ያወረሰው ምልክት በእጁ ላይ አይበላሽም። ለዚያውም ችቦና ሙልሙል ያለበት፣ ልጆች ጅራፍ የሚያጮኹበት ቀን ነው፤ ማንም አይረሳውም።

አባባሉ ስለ ዝናቡ መጠን ግን ትንፍሽ አይልም። በ2007 ዓ.ም. ኤልኒኖ ክረምቱን በብዙ ቦታ ሲያጎድለው ቡሄ በቀኑ ዋለ፤ ማሳው ግን ደርቋል። ቦረና ላይ ደግሞ ከነጭራሹ ሥራ የለውም፤ እዚያ ዋናው ዝናብ በበልግ፣ ሁለተኛው በመፀው ነው የሚጠበቀው። አንድ መሣሪያ ለአንድ አገር ተብሎ ሲሠራ የሚጠበቅ ነው።

ሁሉም የሰማይ አባባል እንዲህ የተጠናቀቀ አይደለም። ፀሐይና ዝናብ ሲገጥሙ «ጅብ ወለደች» ማለት ደስ ይላል እንጂ ስለ ነገ የሚነግረን የለም። ደመራው በወደቀበት አቅጣጫ የዓመቱን አዝመራ መተንበይም ለእኔ ከተስፋ አያልፍም፤ የደመራውን ውበት ግን ማን ይክዳል።

ጥበብ ብቻ መለኪያ ከሆነ ከቡሄውም የማስበልጠው አለ፤ «በጥቅምት አንድ አጥንት»። ሦስት ቃል፤ ግስ የለውም፤ ብርድ የሚል ቃልም የለውም። ጥቅምት ላይ ሰማዩ ይጠራል፤ ቀን መሬት የጠጣችውን ሙቀት ሌሊት የሚያቅብ ደመና ስለማይኖር ውርጩ ደጋውን ይገርፈዋል። አባባሉ ይህን ሁሉ ትቶ መድኃኒቱን ብቻ ይሰጣል። ሰሚው ከድስቱ ተነሥቶ ወደ ብርዱ ራሱ ይደርሳል። ወሩም በዘፈቀደ የተመረጠ አይመስለኝም። ውርጩ እስከ ታኅሣሥ ይዘልቃል፤ የነቢያት ጾም ግን ኅዳር 15 ይገባል፤ አጥንቱም ከዚያ በፊት መጋጥ አለበት።