ቁልፍ አዋሹ፤ «ዘ አፓርትመንት» ስለ ተባለው ፊልም

ቢሊ ዋይልደር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1960 ዓ.ም. ያዘጋጀው «ዘ አፓርትመንት» የተባለው ጥቁርና ነጭ ፊልም የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብሎ የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። ነገር ግን በቀልዱ መካከል አንዲት ወጣት ራሷን ለመግደል ስትሞክር ስለሚያሳይ፥ «ሣቅና ሞት እንዲህ ሊደባለቁ ይገባልን?» ብሎ የሚጠይቅ ተመልካች አይታጣም። የዚህ ጽሑፍ አሳብ፥ ሣቁ ባይኖር ኖሮ ፊልሙ ቁም ነገሩን ሊያስረዳን ባልቻለም ነበር የሚል ነው።

ጃክ ሌመን የሚጫወተው ባክስተር፥ በኒው ዮርክ 31,259 ሠራተኞች ባሉት የኢንሹራንስ ኩባንያ ውስጥ ተራ ሠራተኛ ነው። በወር 85 ዶላር የሚከራየውን ቤት ቁልፍ፥ ከሚስቶቻቸው ተደብቀው ወዳጆቻቸውን እንዲያመጡበት ለአለቆቹ ያውሳል፤ እነርሱም በፈንታው ለዕድገት ያጩታል። አንድ ሌሊት ቤቱን ለቆላቸው ደጅ አድሮ ጉንፋን ይይዘዋል፤ በማግሥቱም አፍንጫውን እየጠረገ ከአንዱ አለቃ ወደ ሌላው እየደወለ ተራቸውን ሲያዘዋውር እጅግ እንሥቃለን። ስንሥቅም የተጐዳው እርሱ ብቻ ይመስለናል። ወደዚያ ቤት ስለሚመጡት ሴቶች ግን እርሱም አይጠይቅ፥ እኛም አንጠይቅ።

ፊልሙ የሚወቅሰን በአንድ የተሰነጠቀ መስተዋት ነው። ባክስተር ቤቱ ውስጥ ወድቆ ያገኘውን ይህን መስተዋት ለሠራተኞች አስተዳደር ኃላፊ ለሼልድሬክ ይመልስለታል። በኋላም በገና ግብዣ ላይ፥ የሚወዳት የአሳንሰር ሠራተኛዋ ፍራን (ሸርሊ ማክሌን) አዲሱን ባርኔጣውን እንዲያይበት ያንኑ መስተዋት ትሰጠዋለች። ማንም ሳይነግረው ሁሉን ያውቃል። በዚያው ሌሊት ፍራን በእርሱ ቤት የእንቅልፍ ክኒን ትውጣለች። እስከዚህ ድረስ ያሣቀን ቁልፍ ምን በር ሲከፍት እንደ ነበረ የምንረዳው ያን ጊዜ ነው።

የጐረቤቱም ሐኪም ነገር እንዲሁ ነው። በግድግዳው በኩል የሚሰማውን ጫጫታ ሁሉ የባክስተር ሥራ አድርጎ ሲገምት መጀመሪያ ያሥቀናል። ፍራንን ከሞት ካዳነ በኋላ ግን ባክስተርን «ሰው ሁን» ብሎ ሲገሥጸው፥ በደለኛው ሌላ ቢሆንም ተግሣጹ ያለ ቦታው አልዋለም።

በመጨረሻ ሼልድሬክ ቁልፉን ሲጠይቀው፥ ባክስተር የቤቱን ሳይሆን የሹማምንቱን መታጠቢያ ክፍል ቁልፍ አስረክቦ ሥራውን ይለቃል። በዕድገቱ ያገኘውን ክብር በዚያች ቁልፍ መልሶ መስጠቱ ነው።

እንከን አይገኝበትም ማለት አይደለም። ሼልድሬክን ሚስቱ ከቤት ብታስወጣውም ሥልጣኑ አልተነካም፤ ሌሎቹም አለቆች በየወንበራቸው እንዳሉ ናቸው። ይሁን እንጂ ይህ የፊልሙ ድካም ሳይሆን እውነተኛነቱ ይመስለኛል። የማስጌጥ ሥራውን የያዘው አሌክሳንደር ትራውነር የቢሮውን ጠረጴዛዎች ወደ ኋላ እያሳነሰ ስለ ደረደራቸው፥ አዳራሹ መጨረሻ የሌለው ሆኖ ይታያል። ባክስተር ቢሄድ ባዶው ጠረጴዛ ሌላ ሰው አያጣም።

ስለዚህ ፊልሙ የሚጠይቀው አለቆቹን ብቻ አይደለም። ትምህርታችንን ፈጽመን ወደ መሥሪያ ቤት የምንገባ ሁሉ፥ «እኔ ቁልፍ ከማዋስ በቀር ምን አደረግሁ?» የሚለው ምክንያት መልስ እንዳልሆነ ከባክስተር ልንማር እንችላለን።