ሌሊቱ ተጽፏል፤ ማለዳውስ?

በምሥራቅ አፍሪካ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ሰካራም ገጸ ባሕርይ እንግዳ አይደለም። የጠጅ ቤቱ ወግ፣ የመሸታ ቤቱ ዘፈን፣ የጫት ቤቱ ምርቃና በየልቦለዱና በየፊልሙ በቅርብ በሚያውቅ ዐይን ተሥለዋል። የሰውየው ውድቀትም እንዲሁ ነው። ደመወዙ እንዴት እንዳለቀ፣ ትዳሩ እንዴት እንደፈረሰ፣ ወዳጆቹ አንድ በአንድ እንዴት እንደራቁት አንባቢ በዝርዝር ያውቃል። ሰውየው ወድቆ ሲያበቃ ግን ታሪኩም አብሮት ያበቃል። ተኝቶ የሚታከምበት አልጋ የት እንደሚገኝ፣ ማን እንደሚወስደው፣ እዚያ ገብቶ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች እንዴት እንደሚያሳልፍ የሚተርክ ገጽ ቢፈለግ ብዙ አይገኝም። ይህ ክፍተት የጥበብ ጉድለት ብቻ አይደለም። ወንድሙን ሊያሳክም የሚነሣ ሰው መንገዱን በምናቡ እንኳ አይቶት ስለማያውቅ፣ ከየት እንደሚጀምር ግራ ይገባዋል።

ስብሐት ገብረእግዚአብሔር በ«ሌቱም አይነጋልኝ» የውቤ በረሃን የሌሊት ሕይወት ሳይሸፋፍንና ሳይፈርድ አቅርቧል። የመጽሐፉ ጉልበት በዚህ ሐቀኝነት ላይ ነው። ርእሱ ግን ሳያስበው የብዙ ድርሰቶችን ጠባይ በአንድ ሐረግ ይናገራል፤ ሌሊቱ ይረዝማል እንጂ አይነጋም። ኬንያዊው ሜጃ ሙዋንጊም እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው «ጎይንግ ዳውን ሪቨር ሮድ» በተሰኘ ልቦለዱ ቤን የተባለውን የቀድሞ ወታደር በናይሮቢ የግንባታ ሠራተኛ አድርጎ ያሳያል። ቤንና ጓደኛው ኦቾላ ቀን ፎቅ ይገነባሉ፤ ማታ የቀን ገቢያቸውን ይጠጡበታል። ሙዋንጊ መጠጡን ከድህነቱ ጋር አያይዞ ማቅረቡ ትክክል ነው። ሆኖም በድህነት የተጀመረ መጠጥ ውሎ አድሮ የራሱ ሕግ ያለው በሽታ እንደሚሆን ልቦለዱ አይከታተልም። ስካሩ እንደ ከተማዋ አቧራ ከሰዎቹ ጋር አብሮ የሚኖር ነገር ሆኖ ይቀራል።

ከቅርብ ዓመታት ሥራዎች መካከል ደግሞ የጄሲካ በሽር «ፋያ ዳዪ» የተለየ ትኩረት ይገባዋል። ሐረር ያደገችው የፊልም ባለሙያ ዐሥር ዓመት ያህል የደከመችበት ይህ የሁለት ሰዓት ጥቁርና ነጭ ዘጋቢ ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ2021 በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል ነበር። ፊልሙ ጫትን ከማሳው እስከ ገበያው፣ ከገበያው እስከ ምርቃናው ይከተላል። በመካከሉም የዘላለም ሕይወት ውኃ ፍለጋ ስለወጣ ሰው የሚነገረውን የሐረር የሱፊዎች አፈ ታሪክ ያነሣል። ርእሱ የተወሰደው ከጫት ሠራተኞች ዜማ ሲሆን ጤናን መውለድ እንደማለት ነው። ሞሐመድ የተባለው ታዳጊ ጫት ለሚቅሙ ሰዎች እየተላላከ ይኖራል፤ የአባቱ ጠባይ ከጫቱ ጋር በተለዋወጠ ቁጥርም የቤቱ ሰላም ይናጋል።

የፊልሙ ጥበብ ተመልካቹን ከውጭ አቁሞ አያስተምረውም፤ በጢሱና በዝግታው ይዞት ምርቃናው ውስጥ ያስገባዋል። ይህ ብርታቱ ነው፤ ወሰኑም እዚያው ላይ ነው። በፊልሙ ውስጥ ወጣቶቹ የሚታዩአቸው መውጫዎች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ምርቃና፣ ሌላው ስደት። የሞሐመድ አባት ታክሞ ሊድን ይችላል የሚለው ሐሳብ በማንም አእምሮ ውስጥ ሲያልፍ አይታይም። ዘጋቢ ፊልም ያላየውን እንዲያሳይ አይጠየቅምና ይህ በደል አይባልም። ነገር ግን ጤናን መውለድ የሚል ስም ባለው ሥራ ውስጥ ሕክምና የሚባል ቃል አለመሰማቱ፣ ቃሉ ከኅብረተሰቡ ምናብ ምን ያህል እንደራቀ ይመሰክራል።

በሌላ አገር የተሠሩ አንዳንድ ሥራዎች በዚያ በር ገብተዋል። ሚኻይል ቡልጋኮቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመው «ሞርፊን» በተሰኘ ታሪኩ የገጠር ሐኪሙን የፖሊያኮቭን ማስታወሻ ያስነብባል። ፖሊያኮቭ ለሆድ ሕመሙ በተሰጠው መርፌ ይጀምራል፤ ቀስ በቀስ የመድኃኒቱ ባሪያ ይሆናል፤ ሞስኮ ሄዶ ክሊኒክ ይገባል፤ ሕክምናውን ሳይጨርስ ይወጣና በመጨረሻ ራሱን ያጠፋል። ቡልጋኮቭ ራሱ በወጣትነቱ የገጠር ሐኪም ሳለ በዚሁ መድኃኒት ተይዞ ነበር፤ እርሱ ግን በሚስቱ ብርቱ ድጋፍ ድኗል። ደራሲው ከሱሱ ሲወጣ ገጸ ባሕርዩ መሞቱ የሚያስገርም ነው። የቻርልስ ጃክሰንን ልቦለድ መሠረት አድርጎ ቢሊ ዋይልደር እ.ኤ.አ. በ1945 የሠራው «ዘ ሎስት ዊክኤንድ» የተሰኘ ፊልምም ጠጪውን ጸሐፊ ዶን በርናምን በኒውዮርክ ሆስፒታል የሰካራሞች ክፍል ያስተኛዋል። በዚያ የሕሙማን ጩኸት አለ፤ የሚሣለቅ አስታማሚ አለ። በርናም የሐኪም ካፖርት ደርቦ ያመልጣል።

ሁለቱም ሥራዎች ሕክምናውን በሽሽት ይቋጩታል። ሽሽት ለትረካ ይመቻል፤ መቆየት ግን አሰልቺ ይመስላል። ይህን አሰልቺ ነገር ደፍሮ የጻፈው አሜሪካዊው ዴቪድ ፎስተር ዋላስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመውና ከ1000 ገጽ በላይ ያለው «ኢንፊኒት ጀስት» ሰፊ ክፍሉን ለአንድ የቦስተን የማገገሚያ ቤት ሰጥቷል። የቀድሞው ሌባና ሱሰኛ ዶን ጌትሊ በዚያ ቤት ሲያገለግል፣ የተደጋገሙት ምክሮች ተራ አባባል ይመስሉታል። ሳያምንባቸው የታዘዘውን ያደርጋል፤ አንድ ቀንም ሐራራው እንደለቀቀው ያስተውላል። ዋላስ ያረጋገጠው ነገር ቢኖር መቆየትም ታሪክ መሆኑን ነው።

ጉዳዩ ከሥነ ጽሑፍ አልፎ የሕይወት ጥያቄ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ለዓመታት በብዛት ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ያልበዋል፤ ሊያንፈራግጠው፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን አካባቢም የሌለ ነገር ሊያይ ይችላል። ካልታከመ ይህ ሁኔታ ሊገድለው ይችላል። እንደ ዳያዚፓም ያለ መድኃኒት በሐኪም ቁጥጥር እየተቀነሰ የሚሰጠው፣ ቫይታሚን ቢ1 የሚጨመረውም ስለዚህ ነው። ጫት ያቆመ ሰው ድብርት፣ ድካምና ዱካክ የሚባለው ቅዠት ይይዙታል እንጂ ማቆሙ ራሱ እንደ አልኮሉ ለሞት አያሰጋም። «ወንድ ልጅ በአንድ ቀን ቁርጥ አድርጎ ይተዋል» የሚለው አነጋገር በልቦለድ ገጽ ላይ ያምራል፤ በብርቱ ጠጪ ላይ ግን ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። ሰውነት ከመርዙ ከጸዳ በኋላም የሐራራው ትግል ለወራት ይዘልቃል፤ አገርሽቶ መውደቅም የሕመሙ ጠባይ እንጂ የፈቃድ ማነስ ማስረጃ አይደለም።

እንዲህ ያለውን ታሪክ ለመጻፍ ቦስተን ድረስ መሄድ አያስፈልግም። በዳሬሰላም የሙሂምቢሊ ሆስፒታል ከየካቲት 2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሄሮይን ሱሰኞች ሜታዶን ሲሰጥ ቆይቷል፤ ታካሚው በየዕለቱ እየመጣ መድኃኒቱን በአስታማሚ ፊት ይጠጣል። በዛንዚባር ከሱስ የወጡ ሰዎች ራሳቸው የሚመሯቸው ቤቶች በ2000ዎቹ መገባደጃ ተከፍተዋል፤ ገቢው በእነዚያ ቤቶች ለወራት ከሌሎች ጋር እየኖረ፣ እየሠራና እየተመካከረ ይሰነብታል። አዲስ አበባ ደግሞ ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ የኖረው አማኑኤል አለ። ስሙን ሰዎች ለስድብ ሲጠቀሙበት መኖራቸው ስንት ቤተሰብ ከደጃፉ እንዳስቀረ ማሰብ አያዳግትም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጣ የመሸጫውን ዕድሜም ወደ 21 ከፍ አድርጓል። ሕጉ አዳዲስ ጠጪዎች እንዳይበዙ ይረዳል፤ ቀድሞ የተያዘው ሰው ግን አልጋ ያስፈልገዋል፤ አልጋውን ለመጠየቅም ኀፍረቱን የሚያስጥል ቋንቋ ያሻዋል።

ያ ቋንቋ ከባዶ አይጀምርም። ሱሰኛውን ከሰፈሩ አውጥቶ ጸበል ቦታ ለሳምንታት ማሰንበት በኢትዮጵያ የታወቀ ልማድ ነው። ከመጠጥ ጓደኛ መራቅ፣ አስታማሚ ከጎን መኖሩ፣ የቀኑ ሥርዓት፣ ከሌሎች ሕሙማን ጋር ማደር፣ ሁሉም በተኝቶ ሕክምናም ውስጥ አሉ። ብርቱ ጠጪው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሐኪም እንዳይለየው ማድረግ ከእምነቱ ጋር አይጋጭም። በሽተኛውን አግባብታ የምታስገባ እኅት፣ የመጀመሪያው ሌሊት ላብ፣ በሦስተኛው ሳምንት የሚመለስ የምግብ ፍላጎት፣ ወጥቶ በቀድሞው ጠጅ ቤት በር የሚያልፍበት ማታ፣ እያንዳንዱ ልቦለድ የሚሸከም ነው።

ስለዚህ ከደራሲዎችና ከፊልም ሠሪዎች የሚጠበቀው የጤና መፈክር አይደለም፤ ለመሸታ ቤቱ ያዋሉትን ያንኑ ትዕግሥትና ያንኑ ሐቀኛ ዐይን ለሕሙማኑ ክፍልም እንዲያውሉት ነው። ታክሞ የሚወድቅ ገጸ ባሕርይም ቢሆን መንገዱ እንዳለ ያሳያል። አንባቢው ወንድሙን ይዞ በዚያ በር ሲቆም፣ ከእርሱ በፊት ሌላ ሰው እንደቆመበት ማወቁ ቀላል ነገር አይደለም።