መቀሱ በማን እጅ ነው?

የሃዋይ ኩዊልት (ተደራርቦ የሚሰፋ የአልጋ ልብስ) መልኩ የሚወሰነው ገና መርፌ ሳይነሳ ነው። ወጥ ቀለም ያለው ሰፊ ጨርቅ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ እጥፉ ላይ የዳቦ ዛፍ ቅጠል ይነደፍና በመቀስ ይወጣል። ሲዘረጋ ከመሃል ወደ አራቱም ማዕዘን የፈካ አንድ ሥዕል ነው። ነጭ ጨርቅ ላይ ተደርጎ ጠርዙ እየታጠፈ ይሰፋል፤ ከሥር ጥጥና ገበር ይገባለታል። ከዚያ ጠጠር የወደቀበት ኩሬ እንደሚያወጣው ቀለበት፣ የሥዕሉን ዳርቻ ተከትሎ ከአውራ ጣት በማይሰፋ ርቀት ረድፍ በረድፍ ይወጋል። መቁረጡ የአጭር ጊዜ ሥራ ነው። ስፌቱ ብዙ ወር፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል።

ድሃ ሴቶች የተሰባሰቡበትን የህብረት ሥራ ማህበር ይደግፋል እየተባለ ስለሚሸጠው «የሃዋይ ስልት» ኩዊልት ሲነሳ፣ ክርክሩ ወዲያው «እውነተኛ ነው ወይስ ቅጂ?» ወደሚለው ያዘነብላል። ጥያቄው ቦታውን የሳተ ይመስለኛል። ጥበቡ ራሱ የተወለደው የደሴቶቹ ሴቶች ከእንግዳ ጋር ሲገናኙ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1820 የአሜሪካ ሚስዮናውያን ሚስቶች በመጡባት መርከብ ላይ የሃዋይን ንጉሣውያን ሴቶች ሰብስበው መርፌና ጨርቅ አስያዟቸው። ሴቶቹ ለአልጋ ልብስ እንግዳ አልነበሩም፤ ዋውኬ የተባለውን ዛፍ ልጥ ቀጥቅጠው፣ ደራርበው፣ የላይኛውን አስጊጠው የሚሠሩት ካፓ ሞኤ የሚባል ነበራቸው። ደህናውን ጨርቅ ቆራርጦ መልሶ መገጣጠም ግን አልገባቸውም ይባላል። (ድሪቶ የሚለውን ቃል ለምናውቅ ይህ አይገርመንም።)

ከቅጂው ክርክር ይልቅ የሚያሳስበኝ ሥርዓቱ ነው። በደሴቶቹ ልማድ ንድፍ የባለቤቷ ነው። ስም ታወጣለታለች፤ ትርጉሙን ለራሷ ልታስቀር ትችላለች፤ ሳያስፈቅዱ መውሰድ እንደ ሌብነት ይቆጠራል። የሃዋይ ንግሥት የነበሩት ሊሊኡኦካላኒ በ1895 በኢዮላኒ ቤተ መንግሥት ታስረው ሳለ የጀመሩት ኩዊልት ስልቱ ከላይ ከተገለጸው የተለየ ነው፤ ነገር ግን እሱም ላይ ስምና ቀን ተጠልፎበታል።

ዛሬ በሃዋይዋ ሆኖሉሉ የቱሪስት ሱቆች ከሚሸጡት ውስጥ ፊሊፒንስና ቻይና የተሰፉ አሉ። የ1930ው የአሜሪካ የታሪፍ ሕግ ከውጭ በገባ ዕቃ ላይ የተሠራበት አገር እንዲጻፍ ያዛል፤ የነዳፊዋንና የሰፊዋን ስም የሚጠይቅ ግን የለም። «የሴቶች ማህበር» የሚለው ጽሑፍ ሁለቱንም ስም ሸፍኖ ይቀመጣል። ንድፉ ከአስመጪው ከመጣ፣ ጨርቁም ተቆርጦ ከደረሰ፣ ለማህበሩ የሚቀረው ወራት የሚበላው ስፌት ብቻ ነው፤ ዋጋውን የሚያወጣው መልክ ግን ሌላ ጠረጴዛ ላይ አልቋል። አባሏ በሰፋችው ቁጥር የሚከፈላት ከሆነ ደግሞ ችኮላዋ ጨርቁ ላይ ይታያል። ኩዊልቱን ገልብጡና ጀርባውን እዩ፤ ቀለበቶቹ ይራራቃሉ፣ የመርፌው እርምጃም ይረዝማል። ይህን የሴቲቱ የሙያ ጉድለት ነው ማለት ግፍ ነው።

ከሃዋይ ራቅ ብሎ፣ በአላባማ ገጠር በ1966 የተቋቋመው ፍሪደም ኩዊልቲንግ ቢ ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። የሲቪል መብት ትግሉ የወለደው የጥቁር ሴቶች ህብረት ሥራ ማህበር ነበር። በ1972 ሲርስ የተባለው ትልቅ የንግድ ኩባንያ ኮርደሮይ ከሚባል ሸንተረራም ጨርቅ የሚሠራ የትራስ ልብስ አዘዘው። ልኩም፣ ጨርቁም፣ አሰፋፉም የሲርስ ሲሆን፣ ከአባላቱ የሚፈለገው አንዱ ከሌላው እንዳይለይ ብቻ ነበር። አሰልቺ ቢሆንም የደመወዝ ሥራ ብርቅ በሆነበት አገር ደመወዝ አስገኝቷል፤ ይህን ማቃለል የሚቀለው ለጠገበ ሃያሲ ነው። ከትራሶቹ የተረፈውን የኮርደሮይ ቁርጥራጭ ሴቶቹ ወደየቤታቸው ወሰዱ። ሰናፍጭ ቢጫውን ከዛገ ቀይ፣ አረንጓዴውን ከቡናማ እንደፈቀዱ እያጋጠሙ ለልጆቻቸው አልጋ ሰፉት። በዚያው አካባቢ ያለችው የጂስ ቤንድ መንደር ኩዊልቶች ከ2002 ጀምሮ በሂዩስተንና በኒው ዮርክ ሙዚየሞች ግድግዳ ላይ ሲሰቀሉ ከእነዚህ የኮርደሮይ ሥራዎች አንዳንዶቹ ነበሩበት፤ ከአጠገባቸውም የሠሪዎቹ ስም ተጽፎ ነበር።