ከቁልፉ በፊት ጥያቄው
ድንገት ነዳጅ መብላት የጀመረች መኪናን የሚመረምር መካኒክ በምን ይመዘናል?

"ከመቼ ጀምሮ ነው፣ ልጄ?" አሉኝ ሽማግሌው መካኒክ።

"ከጥምቀት ወዲህ ነው፣ ጋሼ።"

"ለጥምቀት ምን አሠራህላት?"

ትንሽ ማሰብ ነበረብኝ። ከበዓሉ በፊት የኋላ ፍሬን ሸራ አስቀይሬ ነበር።

ገንዳውሃ ላይ ነን፣ ከጎንደር መተማ አስፋልት ዳር። በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ትሄድ የነበረችው ዶልፊን ሚኒባሴ በአንድ ሳምንት ውስጥ ወደ 8 ወርዳለች። እሳቸው ዘንድ ከመድረሴ በፊት ሌላ ከተማ ያለ ጋራዥ ኖዝሎቿን አውርዶ አጥቧል፣ ኤር ክሊነርና የናፍጣ ፊልትሮ ቀይሯል፣ ሒሳቡንም ተቀብሎኛል። ፍጆታዋ ግን ከ8 ንቅንቅ አላለም። ሽማግሌው ቁልፍ አላነሱም፤ ሞተሩንም አላስከፈቱኝም። አጠገቤ ተቀምጠው ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው ሜዳ መንገድ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል አስነዱኝ። መጨረሻ ላይ ዜሮ ማርሽ አስገብቼ ፍሬን ሳልይዝ በራሷ እንድትቆም አዘዙኝ። ቆመች፤ ከጠበቅሁት ቀድማ።

ወርደው አራቱን ጎማዎች በእጃቸው ጀርባ እየነኩ ዞሩ። ሦስቱ ለብ ብለዋል። የኋላ ቀኙ ዘንድ ሲደርሱ እጃቸውን ሳያስጠጉ መለሱና ከያዝኩት ሃይላንድ ጥቂት ውሃ ታምቡሩ ላይ ጠብ አደረጉ። ውሃው ጭስ ብሎ ጠፋ። "ነዳጅህ የሚቃጠለው እዚህ ነው" አሉ። ሲፈታ ሸራው ከታምቡሩ አልተላቀቀም፤ የእጅ ፍሬኑም ገመድ ከልክ በላይ ተወጥሯል። መኪናዋ ሳምንቱን ሙሉ ፍሬን እንደተያዘ ስትጎተት ነበር የከረመችው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጥሩ ምርመራ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ ብዬ በሙሉ ልብ እናገራለሁ። በዚህ ቆላ መኪና ይዞ የሚሠራ ሰው ሁሉ እንዲያውቀውም እፈልጋለሁ።

"ድንገት" የሚለውን ቃል ይሰማል

ሞተር ሲያረጅ ቀስ እያለ ነው የሚያረጀው። የፒስተን ቀለበት በሳምንት አይበላም፤ ኖዝልም አብዛኛውን ጊዜ ትናንት ደህና ውሎ ዛሬ እኩሌታውን ነዳጅ ማባከን አይጀምርም። ፍጆታው በወራት እየተንፏቀቀ ከጨመረ እርጅናን መጠርጠር ደግ ነው። በአንድ ጉዞ ወይም በአንድ ሳምንት ከጨመረ ግን አንድ ነገር ተለውጧል ማለት ነው፤ ጥገና፣ ጎማ፣ ነዳጅ፣ ጭነት፣ መንገድ፣ ወቅት ወይም ሹፌሩ።

ስለዚህ የመጀመሪያው መመዘኛ መካኒኩ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። "ምን ተለወጠ?" ሳይል ዕቃ የሚያዝ ሰው እየገመተ ነው፤ የግምቱን ዋጋ የሚከፍለው ደግሞ ባለ መኪናው ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ባለ መኪናውም የራሱ ግዴታ አለበት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውምና ሸራው መቀየሩን፣ ጭነቱ መብዛቱን፣ ናፍጣው ከመንገድ ዳር መገዛቱን ሳይሸሽግ መንገር ይገባዋል።

አገሩን ያውቃል

ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ተቀምጣለች። መተማ ዮሐንስ 700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በአዘዞ፣ በአይከልና በነጋዴ ባሕር አድርጎ ሁለቱን የሚያገናኘው መንገድ 200 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ የ1,400 ሜትር ልዩነት ግን አለው። ይህን ልዩነት የማያስብ መካኒክ ጤነኛ መኪና ሊያክም ይነሣል።

እስቲ በቁጥር እንየው። ከነጭነቱ 8,000 ኪሎ የሚመዝን አይሱዙ ከመተማ ሰሊጥ ይዞ ወደ ጎንደር ሲወጣ፣ ያንን ክብደት ወደ ላይ ለማንሣት ብቻ 9 ሊትር ያህል ናፍጣ ያስፈልገዋል። ለሜዳው መንገድ፣ ለነፋሱና ለጎማው የሚያቃጥለው ከዚህ ውጭ ነው። ባዶውን ሲወርድ ደግሞ እግሩን ከነዳጅ ፔዳል ላይ አንሥቶ ብዙ ኪሎ ሜትር ይንሸራተታል። በመውረጃው የለካ ሹፌር መኪናዬ ተአምር ናት ይላል፤ በመውጫው የለካ ደግሞ ተበላሸች ብሎ ጋራዥ ይገባል። ሁለቱም የለኩት ዳገቱን እንጂ ሞተሩን አይደለም። ጥሩ መካኒክ "በየት በኩል ስትሄድ ነው የለካኸው? ምን ጭነህ?" ይላል፤ የደርሶ መልሱን ካልሆነም አይቀበልም።

አየሩም እንደ ከፍታው ይለያያል። ጎንደር ላይ ያለው አየር ከመተማው ከ10 እስከ 15 በመቶ ይሳሳል። ሜካኒካል ፓምፕ ያለው አሮጌ ናፍጣ ሞተር ቆላ ላይ "ጉልበት አነሳት" ተብሎ የነዳጅ ብሎኑ ከተከፈተለት፣ በዚሁ መንገድ ጭልጋ ዳገት ላይ ሲደርስ ያንን ሁሉ ነዳጅ የሚያቃጥልበት አየር አያገኝም። ጥቁር ጭስ እየተፋ ይወጣል፤ ያ ጭስ ያልተቃጠለ ነዳጅ ነው። ካርቡሬተር ያላት የቤንዚን መኪናም ቆላ ተስተካክላ ደጋ ስትወጣ እንዲሁ ነዳጅ ይበዛባታል። እዚህ ለሚመላለስ መኪና ብሎኑን የሚያስተካክል ሰው ሁለቱንም ጫፎች በአእምሮው መያዝ አለበት።

ወቅቱም የራሱ ድርሻ አለው። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ሰሊጥ ሲታጨድ መኪናው ሁሉ ሳሉግ የሚባሉትን የእርሻ ሠራተኞችና ስንቅ ጭኖ ወደ እርሻ ካምፖች ይገባል። በዋልካ አፈር ላይ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ የዋለች መኪና ብዙ ነዳጅ መጨረሷ የሥራዋ ዋጋ ነው። ፖርቶ መጋላ ላይ የተከመረው ጭነት አየሩን እየገፋ ይሄዳል። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ያለማቋረጥ የሚሠራው ኤሲም ከሞተሩ ጉልበት ይወስዳል፤ በትናንሽ የቤንዚን መኪኖች ላይ ጎልቶ ይታያል።

ልኬቱን ሳያምን ሞተሩን አይወቅስም

ጌጁን አይቶ "ሩብ ታንከር አልቆብኛል" ማለት ልኬት አይባልም። ታንከሩን አፉ ድረስ መሙላት፣ ኪሎ ሜትሩን መጻፍ፣ ሄዶ መመለስ፣ እዚያው ማደያ መልሶ መሙላትና ኪሎ ሜትሩን ለገባው ሊትር ማካፈል ያስፈልጋል። ይህንንም ቢቻል ሁለት ጊዜ መድገም ይመረጣል።

ጥሩ መካኒክ ቁጥሩን ራሱንም ይጠረጥራል። አይሱዙው 7.00-16 ጎማ አውልቆ 7.50-16 ካጠለቀ የጎማው ዙሪያ በ4 በመቶ ገደማ ይሰፋል። መኪናው 104 ኪሎ ሜትር ሄዶ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው 100 ብቻ ይመዘግባል፤ ነዳጅ ሳይጨምር የጨመረ ይመስላል። ናፍጣ በጀሪካን የሚገዛ ሰውም "ሃያ ሊትር" የተባለው እውነት ሃያ መሆኑን በማደያ መለኪያ አንድ ጊዜ ቢያረጋግጥ ይበጀዋል።

የጎማ ነፋስ ደግሞ በቆላው ሹፌር ዘንድ ብዙ ስሕተት ያለበት ጉዳይ ነው። ጎማው በሙቀት እንዳይፈነዳ ተብሎ ነፋስ ይቀነሳል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የጎደለ ጎማ በተሽከረከረ ቁጥር ጎኑ ይታጠፋል፣ ይበልጥ ይግላል፣ ነዳጅም ይጨርሳል፤ የሚፈነዳውም በዚሁ ምክንያት ነው። ነፋስ የሚለካው በማለዳ፣ መኪናው ሳይነሣ ነው። ይህን የሚነግራችሁ ጎሚስታ ሥራውን ያውቃል።

የሚያየውን ይለያል

ከማርሚታው የሚወጣው ጭስ ቀለም አለው። ጥቁሩ ነዳጅ በዝቷል ወይም አየር አንሷል ይላል። ሰማያዊው ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ያሳያል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይለቅ ነጭ ጭስ ውሃ ወደ ሞተሩ መግባቱን ወይም ናፍጣው በጊዜው አለመቃጠሉን ይጠቁማል። ሦስቱንም "ኖዝል ነው" ብሎ የሚጠቀልል ሰው አልተመለከተም።

ኤር ክሊነርንም በልክ መጠርጠር ያስፈልጋል። በመተማ አቧራ ቶሎ ይደፈናል፤ ካርቡሬተር ያላት መኪናና አሮጌ ናፍጣ ሞተር በዚህ ነዳጅ ይጨምራሉ። እንደ ቪትዝ ያለች ነዳጇን በኮምፒውተር የምትመጥን የቤንዚን መኪና ግን ሌላ ናት። የአሜሪካው ኦክ ሪጅ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ጥናት፣ በእንዲህ ያሉ መኪኖች የተደፈነ ኤር ክሊነር ጉልበት ቢቀንስም በፍጆታ ላይ የሚታወቅ ለውጥ እንደማያመጣ አሳይቷል። ኮምፒውተሩ በገባው አየር ልክ ነዳጁን ይቀንሳልና። ለሞተሩ ጤና መቀየሩ መልካም ነው፤ የድንገተኛው ፍጆታ መልስ ነው ማለት ግን ትክክል አይደለም።

በዚህ አገር ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ የቴርሞስታት ነገር ነው። ሞተር እንዳይግል ተብሎ ቴርሞስታት ተነቅሎ ይጣላል። ቴርሞስታት ሞተሩን ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ባለው የሥራ ሙቀቱ የሚጠብቅ ዕቃ ነው። ከወጣ በኋላ መኪናዋ ደጋ ላይ ስትሄድ፣ በተለይም በማለዳና በቁልቁለት፣ ሞተሩ ከልኩ በታች ይቀዘቅዛል። ኮምፒውተሩም "ገና አልሞቀችም" ብሎ ነዳጅ ይጨምራል። የሚግል ሞተር ራዲያተሩ፣ ፋኑና የውሃ ፓምፑ ይታይለታል እንጂ ቴርሞስታቱ አይጣልም። "ቴርሞስታቷ አለ?" ብሎ የሚጠይቅ መካኒክ ካገኛችሁ አትልቀቁት።

ኮምፒውተር የሚያስገባም እንዲሁ ይመዘናል። ደካማው ኮዱን አንብቦ ሴንሰር ያስገዛል። ጎበዙ ሞተሩ እየሠራ የሙቀቱን ቁጥር ያያል፣ ኮምፒውተሩ ስንት በመቶ ነዳጅ እየጨመረ ወይም እየቀነሰ እንደሆነ ያነባል፣ ከዚያ ለምን ብሎ ይጠይቃል። የኦክሲጅን ሴንሰር ኮድ ከተሰነጠቀ ማርሚታም ከመጥፎ ቤንዚንም ሊመጣ ይችላል። ኮድ የሚነግረን ሕመሙ የታየበትን ቦታ ነው፤ መንሥኤው ገና መፈለግ አለበት።

ነዳጁን ይመረምራል

መተማ ከነዳጅ ጋር የቆየ ትውውቅ አላት። ኢትዮጵያ ለዓመታት ከሱዳን ስትገዛው የነበረው ቤንዚን በዚሁ መንገድ በቦቴ ይገባ ነበር። ማደያ ሲደርቅም ጀሪካን መንገድ ዳር ይወጣል። ስለዚህ ጥሩ መካኒክ ከታንከሩ ሥር በጠርሙስ ቀድቶ ያሳድራል፤ ውሃ ካለበት ጠዋት ከታች ተኝቶ ይገኛል። ቤንዚን ከሆነ ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ ያደርጋል። ንጹሑ ቶሎ ይተናል፤ ላምባ የተቀላቀለበት ቅባታም ምልክት ትቶ ይቆያል። ይህን ለማወቅ የሚወጣው ወጪ አንድ ጠርሙስና አንድ ወረቀት ነው፤ ካንዴላ ከመቀየሩ በፊት ሊደረግ ይገባል።

ሥራው ሲያልቅ

ጥሩ ሥራን ሲጠናቀቅም ታውቁታላችሁ። አንድ ነገር ያስተካክላል፣ ይለካል፣ ከዚያ ወደ ሌላው ያልፋል፤ አምስት ዕቃ በአንድ ቀን ከተቀየረ መኪናዋ ብትድንም የትኛው እንዳዳናት አይታወቅም። የወለቀውን ዕቃ እጃችሁ ላይ ያስቀምጣል። ያልነካውንም ይነግራችኋል፤ "ይህ ደህና ነው፣ ተወው" የሚል መካኒክ ለእናንተ ገንዘብ አስቧል።

ሽማግሌው ሸራውን አላልተው፣ የእጅ ፍሬኑን ገመድ ለቅቀው፣ ጎማውን በክሪክ አንሥተው በአንድ ጣታቸው አሽከረከሩት። በራሱ ዞሮ ዞሮ ቆመ። ያስከፈሉኝም የዚያን ሰዓት ሥራ ብቻ ነው። በማግስቱ ገንዳውሃ ማደያ ታንከሩን ሞልቼ ተነሣሁ፤ ጎንደር ደርሼ ስልክ ደወልኩላቸው፤ ደስታዬን ልነግራቸው ነበር። አላስጨረሱኝም።

"አሁን የወጣኸው ዳገት ነው" አሉ። "ሙላና ውረድ። ስትመለስ ቁጥሩን ታመጣልኛለህ።"

ሞላሁ፤ ወረድኩ። ገንዳውሃ ማደያ ገብቼ መልሼ አስሞላሁና የደርሶ መልሱን አካፈልኩ። 10 ሆነ። ቁጥሩን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁና "እንግዲህ ድናለች" አሉ። ያን ቀን ነው ሥራቸው ያለቀው።