ሻማውን ትተን መምህሩን እንይ

ባለፈው እትማችን «የማልረሳው መምህሬ» በሚል ርእስ እንዲጽፉልን ለአንባብያን ጥሪ ማድረጋችን ይታወሳል። እነሆ አሥራ አንድ ጽሑፎች ደርሰውናል። ከደብተር በተቀደደ ወረቀት የመጣ አለ፤ በዘይት ካርቶን ጀርባ የተጻፈም አለ። ለሁሉም ምስጋናችን ይድረሳቸው። ከምስጋናው በኋላ ግን እንደ ልማዳችን ወደ ሂሱ እንገባለን። ማንም ወገን እንዳይቀየመን አስቀድመን እንለምናለን፤ በትሩ እኛንም የሚነካ ነውና።

ከአሥራ አንዱ ጽሑፎች በሰባቱ ውስጥ ሻማ አለ። መምህሩ ሻማ ነው፤ ራሱ እየቀለጠ ለሌላው ያበራል። በሁለቱ ደግሞ መምህሩ የዕውቀት ባሕር ነው። ሻማውንና ባሕሩን ካነሣንላቸው በኋላ በእጃችን የሚቀረው ምንድን ነው ብለን ብንፈትሽ፣ ከአብዛኞቹ የመምህሩ ስምና የትምህርት ቤቱ ስም ብቻ ቀረ። መምህሩ ክፍል ገብቶ ምን አደረገ? ምን ጠየቀ? ተማሪው ሲሳሳት ምን አለው? አይታወቅም። ግለ ሂስ ካስፈለገ፣ እኛም በመጀመሪያው እትማችን መግቢያ ላይ ይህችኑ ሻማ ሁለት ጊዜ ለኩሰናታል።

ነገሩን እንደ ቀላል የአጻጻፍ ጉድለት ቆጥረን ልናልፈው ነበር። እንዳናልፈው ያደረገን አንድ ወጣት ነው። ይህ ወጣት እዚሁ ካኩማ አድጎ፣ እዚሁ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሶ፣ የመምህርነት ሥልጠና ሳያገኝ በትንሽ አበል ከመቶ በላይ ሕፃናት ፊት እንዲቆም የተደረገ ነው። ጽሑፎቹን በመገልበጥ እንዲያግዘን ሰጠነው። ሁሉንም አንብቦ ሲመልስልን፣ «ጥሩ ናቸው። ግን እኔ ነገ ጠዋት ክፍል ስገባ ምን ላድርግ?» አለን። መልስ አልነበረንም። አሥራ አንድ ሰዎች ስለ ጥሩ መምህር ጽፈው፣ ጥሩ መምህር ለመሆን የሚፈልግ አንድ ሰው ከአብዛኛው ጽሑፋቸው የሚይዘው ካጣ፣ ጉድለቱ የአጻጻፍ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ከአዘጋጆቹ መካከል ለሻማው የተከራከረ አንድ ጓደኛችን አለ። «በዚህ በረሃ፣ በዚህ ቆርቆሮ ሥር፣ በዚያች አበል የሚያስተምር ሰው እውነትም እየቀለጠ አይደለምን?» ይላል። መቅለጡን አንክድም። ነገር ግን ሻማ የሚያበራለትን ሰው አያውቀውም፤ ከፊቱ ሰው ኖረም አልኖረም ያው ይነዳል። ደግሞም መምህሩን ሻማ ካልነው በኋላ ማለቁን እንደ ተፈጥሮው እንቆጥርበታለን፤ ጠመኔ አነሰኝ፣ አበሉ ዘገየብኝ ሲል፣ ሻማ ምን አፍ አለው የምንለው ይመስላል። ምሳሌው ለመምህሩ ክብር የመጣ ይምሰል እንጂ የሚመቸው ለሌላ ነው። ክርክሩ በዚህ አላበቃም፤ ጓደኛችን አሁንም በሐሳቡ እንደ ጸና ነው።

አንድ ጸሐፊ ሻማ አላስፈለገውም፤ አለንጋ አለውና። «ዛሬ ሰው የሆንሁት በዚያ አለንጋ ነው» ይላል። አለንጋው እንዴት እንደተገመደ፣ የት ተሰቅሎ እንደሚውል፣ መምህሩ ሊያነሡት ሲሉ በየትኛው እጃቸው ኩታቸውን እንደሚሰበስቡ ሳይቀር ጽፎልናል። ጥሩ ዓይን አለው። ግን በዚያ ዓመት የተማረው ትምህርት ምን ነበር? ስለዚህ በጽሑፉ ውስጥ አንድ ቃል አይገኝም። ሊያመሰግን ተነሥቶ ሳያውቀው መሰከረ፤ ከዚያ ክፍል ይዞት የወጣው አለንጋውን ነው። በቀድሞው ዘመን የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ በበርበሬ ይታጠን፣ የኮበለለም በእግር ብረት ይያዝ እንደነበር ከመካከላችን በዕድሜ የገፉት ያውቃሉ። ከዚያም ውስጥ ቢሆን ሊቃውንት ወጥተዋል ይባላል። እውነት ነው፤ ወጥተዋል። ሸሽተው የቀሩትን ግን ማን ቆጠራቸው?

ወደ የኔታ እንምጣ። በጎጃም ቅኔ የተማረ አንድ ወንድማችን፣ «የኔታ የዕውቀት ባሕር ነበሩ» ብሎ ጀምሮ በዚያው ጨርሷል። የቅኔ ቤት ትምህርት እንዴት እንደሚሰጥ ለሚያውቅ ሰው ይህ የሚያስቆጭ ነው። ዋድላን፣ ጎንጅንና ዋሸራን ያስጠራው ትምህርት መምህሩ ብዙ በማወቁ ብቻ የቆመ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ግሱንና አገባቡን እየያዘ በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ከዚያ ባለ ሦስቱን ዘአምላኪየ፣ ባለ አምስቱን ዋዜማ፣ ባለ ስድስቱን ሥላሴ እያለ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይወጣል። በየደረጃው መምህሩ መንገዱን ያሳያል። ተማሪው ደግሞ ከዛፍ ሥር ለብቻው ተቀምጦ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ ይመጣና በመምህሩ ፊት ይናገራል። ስሕተት ካለበት እዚያው ይታረማል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መድገም ወይም የጓደኛን ቅኔ እንደ ራስ አድርጎ ማቅረብ ነውር ነው። እንግዲህ የመምህሩ ሥራ ማስተማር ብቻ ሳይሆን ዕለት ዕለት መስማትም ነው፤ የእያንዳንዱን ልጅ አዲስ ሐሳብ፣ ጎባጣም ቢሆን፣ እስከ መጨረሻው መስማት። ተማሪው ሲበዛ ቀደም ያሉት ጀማሪዎቹን ይዘው ያለማምዳሉ። (መቶ ልጅ ለያዘው ወጣታችን ይህ የመጨረሻው ነገር ብቻውን ከአንድ እሽግ ሻማ ይበልጥበታል።)

ወንድማችንን ጠርተን፣ የኔታ አንድ ቀን ያደረጉትን ነገር ንገረን አልነው። ጥቂት አሰበና ነገረን። የኔታ ዓይነ ስውር ነበሩ። እርሱ አንድ ቀን ሐሳብ ነጥፎበት፣ ከሌላ አገር ከመጣ ተማሪ የሰማውን ጉባኤ ቃና የራሱ አስመስሎ ተናገረ። የኔታ ዝም ብለው ሰሙት። በጓደኞቹ ፊት ምንም አላሉትም። ማታ በትራቸውን ይዞ ወደ ጎጇቸው ሲመራቸው፣ «ድምፁ ያንተ ነበረ፤ ነገሩ ግን ያንተ አልነበረም። ያንተን ነገ አምጣልኝ፤ ቢሰበርም ግድ የለም» አሉት። በማግስቱ ሰባራ ቅኔ ይዞ ቀረበ። የኔታም ከየት ላይ እንደተሰበረ አሳይተው ጠገኑለት። «ታዲያ ይህን ለምን አልጻፍህም?» ብንለው፣ «ተራ ነገር መስሎኝ ነው» አለን።

የሂሳችን ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። ይህ ሰው የኔታን ለዚህን ያህል ዘመን ያልረሳቸው ብዙ ስለሚያውቁ አይደለም፤ ብዙ የሚያውቁ ሌሎችም አጋጥመውታል። ያልረሳቸው እርሱን ስለሚያውቁት ነው። የልጁን አስተሳሰብ ከልጁ አፍ ለይተው እስኪያውቁት ድረስ ሰምተውት ነበር። ባሕር ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ልጁ ዳር ቆሞ ተመልክቷቸው ይመለስ ነበር። ጸሐፊያችን ግን ብዕሩን ሲያነሣ ይህን ተራ ነገር ብሎ ጣለውና ማንም ሊለው የሚችለውን አነሣ። ለመምህር የሚገባው ትልቅ ቃል ነው ብለን ስለምናምን ትንሹንና እውነተኛውን እናፍርበታለን።

የሥነ ጽሑፍ ሰዎቻችን ይህን አልሳቱትም። መንግሥቱ ለማ አባታቸውን አለቃ ለማ ኃይሉን «መጽሐፈ ትዝታ» በተባለው መጽሐፍ ያቆዩልን እያወደሱ ሳይሆን አባትዬውን ራሳቸውን እያናገሩ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁም በ1958 ዓ.ም. በወጣው «ፍቅር እስከ መቃብር» ቅኔ የተማረውን በዛብህን ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ሲያስገቡት፣ በትውልድ ከተማሪው በታች፣ በትምህርት ከተማሪው በላይ አድርገው አስቀመጡት። ፍቅሩም መከራውም ከዚያ አቀማመጥ ይመነጫል። በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ሰፈሩ እብድ የሚለው ጉዱ ካሣ ደግሞ ክፍልም ሰሌዳም የሌለው መምህር ነው ብንል የሚቃወመን ያለ አይመስለንም። (በካምፑ ያለን ቅጂ አንድ ብቻ ነው፤ ሽፋንም የለው። ተራ የደረሳችሁ ቶሎ መልሱልን።)

አሁን ደስ ስላሰኘን እንናገር። አሥራ አንደኛው ጽሑፍ የአንዲት እናት ነው። በእርሳስ፣ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ አንድ ገጽ ተኩል ነው። እኒህ እናት ፊደል የቆጠሩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረውና ቀስ በቀስ በ15 ቋንቋዎች ትምህርት በተሰጠበት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው። ስለ ዘመቻው ሰው ሁሉ አንድ አስተያየት የለውም፤ ከመካከላችን በውድ የተማረም ተገድዶ የዘመተም አለ። የእርሳቸው ጽሑፍ ግን ስለ ዘመቻው አይደለም፤ ስለ አንድ ማታ ነው።

ካዕብና ሣልስ ተምታታባቸው። «ቡ»ን «ቢ» ይላሉ፤ «ሉ»ን «ሊ» ይላሉ። ጎረቤቶቻቸው ይስቃሉ። አስተማሪው ገና ከተማሪ ቤት የመጣ ልጅ ነበር። ተሳስተዋል አላላቸውም። ጠመኔውን በእጃቸው ሰጥቶ፣ «እትዬ፣ ቅጥያዋ የወጣችው ከወገቡ ነው ወይስ ከእግሩ?» ብሎ ጠየቃቸው። ቀርበው አዩት። ከወገቡ ሲሆን «ቡ»፣ ከእግሩ ሲሆን «ቢ»። «ሉ» ከወገብ፣ «ሊ» ከእግር። «ከዚያ ማታ ወዲህ አልጠፋብኝም» ይላሉ። ነገሩ በዚህ ቢያበቃም ጥሩ ጽሑፍ ይሆን ነበር። ግን አላበቃም። ከጥቂት ቀን በኋላ «ሩ» ላይ ሲደርሱ እናታችን ቆሙ። «ረ ወገቡ የት አለ? እግሩስ የት አለ?» ብለው ጠየቁት። ልጁ ሰሌዳውን አየ፤ ዝም አለ፤ ቆይቶ ሳቀና፣ «እውነትዎን ነው፤ እኔ እስከ ዛሬ ልብ አላልሁትም። እንዲህ ያለ ሌላ ፊደል ካለ አብረን እንፈልግ» አላቸው። ፈልገው «ፉ»ን አገኙ። ያገኙት እናታችን ናቸው።

ይህ ልጅ ምን አደረገ? ስሕተቱ የት እንደ ተቀመጠ አየ። መልሱን ከመስጠት ይልቅ የሚታይበትን ቦታ አሳየ። ደንቡ ሲፈርስበትም በእናታችን ላይ አልተቆጣም፤ ከተማሪው ጋር ተማሪ ሆነ። አንድ መምህር «አላወቅሁትም ነበር» ሲል ክብሩ የሚወርድ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። እናታችን ግን ከ40 ዓመት በላይ ያልረሱት ይህንኑ ቃሉን ነው። ስሙን ረስተውታል፤ በጽሑፋቸው ሁሉ «ያ ልጅ» ይሉታል። ሰባቱ ሻማዎች እያንዳንዳቸው ስም ከነአባት አላቸው፤ በዓይናችን የምናየው ግን ስም የሌለውን ይህን ልጅ ነው። በጽሑፉ ጉድለት አላጣንበትም። መጨረሻው ላይ ለወጣቶች የተጨመረች ምክር አለች፤ ባትኖር ይሻል ነበር። እናት ናቸውና አልነካናትም።

ወጣቱ መምህር ይህን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ገለበጠው፤ አንዱን ለእኛ፣ አንዱን ለራሱ። ልጆቻችን የሚማሩት የኬንያን ሥርዓተ ትምህርት በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ስለ ሆነ የእርሱ ክፍል ውስጥ ወገብና እግር ያለው ፊደል የለም። እርሱን ያስቸገሩት «ቢ»ንና «ዲ»ን እያምታቱ የሚጽፉ ልጆች ናቸው። በማግስቱ ገብቶ፣ «ሆዱ ወዴት ዞሯል?» ብሎ ጠየቃቸው። ወደ ቀኝ ከዞረ «ቢ»፣ ወደ ግራ ከዞረ «ዲ»። እንደ ነገረን ከሆነ፣ የፊተኞቹ ቶሎ ያዙት፤ ከኋላ ያሉት ሰሌዳው አይታያቸውምና ምንም አልገባቸውም። አንዲት ልጅ ደግሞ «ሆዱ ላይ፣ እግሩ ታች የሆነውስ?» ብላ ስለ «ፒ» ጠየቀችው። ከኋላ ያሉትን ምን እንደሚያደርግ እስካሁን አላወቀም። ከፊት ያወቁትን ወደ ኋላ ልኮ እንዲያለማምዷቸው ሊሞክር ነው።

ለሚቀጥለው እትም በዚሁ ርእስ እንደገና እንጠይቃለን። መምህራችሁን አታወድሱልን፤ አንድ ቀን ያደረጉትን ጻፉልን። ባለ አለንጋው ወንድማችንም በዚያ ዓመት የተማረውን ካስታወሰ ዳግም ይጻፍልን፤ ዓይኑን እንፈልገዋለን። ጽሑፉ ከሁለት ገጽ አይብለጥ፤ ወረቀት እያለቀብን ነው። የእናታችን ጽሑፍ ከዚህ ቀጥሎ ባለው ቅጠል ላይ ይገኛል። «ሩ» በሚለው ላይ ያለው ስርዝ የእርሳቸው ስለ ሆነ እንዳለ ገልብጠነዋል።